ዋናው ሥራ ከኢምፖርት በፊት ነው፦ ኢሉስትሬተርና አፍተር ኢፌክትስን 9 ወር ተጠቅሜ

ኢሉስትሬተርን (የአዶቤ የስዕል ፕሮግራም) እና አፍተር ኢፌክትስን (ስዕል የሚያንቀሳቅስ የአዶቤ ፕሮግራም) አንድ ላይ መጠቀም ከጀመርኩ 9 ወር ሆነኝ። ጅማ ውስጥ የምንሠራው ሁለት ሆነን ነው። ጓደኛዬ ትስላለች፣ እኔ አንቀሳቅሳለሁ። አብዛኛው ሥራችን አጫጭር ቪዲዮ ነው፦ የቡና ማስታወቂያ፣ የጤና ትምህርት፣ አንዳንዴ የሠርግ ጥሪ። የፕሮግራሞቹ ክፍያ በዶላር ስለሆነ ውጭ የምትኖር እህቴ ናት በካርዷ የምትከፍልልን። "ገንዘቡ ያዋጣል ወይ?" ብላችሁ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ያዋጣል። ግን የሚያዋጣው ስዕሉን ገና ሲጀምር እንደሚንቀሳቀስ አስቦ ለሚያዘጋጅ ሰው ነው።

ይሄን የተማርኩት በመጀመሪያው ሥራችን ነው። ጓደኛዬ ቡና የምትቀዳ ሴት ሳለች። ነጠላዋ፣ ጀበናው፣ ረከቦቱ፣ ሲኒዎቹ፣ የተቀመጠችበት ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ነው የተሳለው። ደስ ብሎኝ ወዲያው ወደ አፍተር ኢፌክትስ አስገባሁት (ኢምፖርት አደረግሁት)። ፉቴጅ የሚለውን አማራጭ መርጬ ሳስገባው አንድ ድፍን ምስል ሆኖ መጣ። ኮምፖዚሽን የሚለውን መርጬ ስደግመው ሦስት ሌየር፣ ማለትም ንብርብር፣ ብቻ አገኘሁ፦ ጀርባው፣ ሴትየዋ፣ ዕቃው። እጇን ላነሳ ብል መላ ሰውነቷ አብሮ ይነሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፍተር ኢፌክትስ ከኢሉስትሬተር ፋይል ውስጥ ለይቶ የሚያመጣው ከላይ ያሉትን ዋና ሌየሮች ብቻ ነው። በሌየሩ ውስጥ ያሉ ንዑስ ሌየሮችና ግሩፖች ምንም ያህል በሥርዓት ቢደረደሩ ተዋህደው አንድ ሆነው ይመጣሉ። ስለዚህ ለብቻው እንዲንቀሳቀስ የምትፈልጉት ነገር ሁሉ የራሱ ዋና ሌየር ያስፈልገዋል። እያንዳንዱን በእጅ መለየት አይጠበቅባችሁም። ሌየሩን መርጣችሁ ከሌየር ፓነሉ ሜኑ ላይ ሪሊስ ቱ ሌየርስ የሚለውን፣ ሲኩዌንስ ያለበትን ምረጡ። ቢልድ የሚለውን እንዳትነኩ፣ እሱ እየደራረበ ነው የሚሄደው። ከዚያ የወጡትን ሌየሮች ከእናትየው ሌየር ውስጥ ጎትታችሁ ወደ ላይ ታወጣላችሁ። ስም መስጠትም እዚያው ነው። 40 ሌየር ያለ ስም ከገባ በኋላ የቱ ክንድ የቱ ጣት እንደሆነ መፈለግ ግማሽ ቀን ይበላል።

ስታስገቡ ደግሞ ኮምፖዚሽን የሚለው ሁለት ዓይነት ነው። ተራው ሁሉንም ሌየር በአርትቦርዱ (በስዕሉ ገጽ) ልክ ያመጣና አንከር ፖይንቱን (ሌየሩ የሚዞርበትን ነጥብ) መሃል ላይ ያስቀምጠዋል። ሪቴይን ሌየር ሳይዝስ የሚለው ግን እያንዳንዱን ሌየር በራሱ ስዕል ልክ ቆርጦ ያመጣል፣ አንከር ፖይንቱም የዚያው ስዕል መሃል ይሆናል። ሰው ለምናንቀሳቅስ ሁለተኛው ይሻላል። ለሎጎና ለጀርባ ስዕል የመጀመሪያው ይበቃል።

አሁን ወደ ቡና ቀጂዋ ሴት ልመለስ፣ ብዙ ያለፋኝ ክርኗ ስለሆነ። ጓደኛዬ ክንዱን ስትለየው ክርኑ ላይ ቀጥ አድርጋ ነው የቆረጠችው። ቆሞ ሲታይ ምንም አይልም። ጀበናውን ለመቅዳት ክንዱ ሲታጠፍ ግን ክርኑ ላይ ክፍተት ይፈጠራል፣ እጇ የተሰበረ ይመስላል። መፍትሔው ያለው ስዕሉ ላይ ነው። የላይኛው ክንድና የታችኛው ክንድ ጫፋቸው ክብ ሆኖ አንዱ በሌላው ላይ መደረብ አለበት። ሁለቱም ክቦች መሃላቸው አንድ ነጥብ ላይ ይገጥማል። እኔ ደግሞ ዋይ ፊደልን ተጭኜ አንከር ፖይንቱን እዚያች ነጥብ ላይ አስቀምጣለሁ። የታችኛውን ክንድ ከላይኛው ጋር፣ ጀበናውን ከእጁ ጋር በፓረንት አስራለሁ። ከዚያ ትከሻውን ሳዞር ሁሉም ተከትሎ ይመጣል። ሌላው የተማርነው የተሸፈነውንም መሳል ነው። ጀበናው ሲነሳ ከኋላው ያለው ቀሚስ ይታያል፣ ካልተሳለ ባዶ ነው።

ቀለም ላይም አንዴ ተቸግረናል። አንድ ደንበኛ ሎጎውን ከማተሚያ ቤት እንዳለ አምጥቶ ሰጠን። ፋይሉ በሲኤምዋይኬ፣ በኅትመት የቀለም ሥርዓት፣ የተዘጋጀ ነበር። አፍተር ኢፌክትስ የሚሠራው በአርጂቢ፣ በስክሪን የቀለም ሥርዓት፣ ስለሆነ አረንጓዴው ፈዝዞ ታየ። ኢሉስትሬተር ላይ ዶክዩመንት ከለር ሞዱን ወደ አርጂቢ መቀየር ያስፈልጋል፣ ግን ያ ብቻውን የጠፋውን ድምቀት አይመልስም። ቀለሙን እንደገና መረጥነው። አሁን አዲስ ፋይል ስንከፍት ከመጀመሪያው የቪዲዮውን ዓይነት እንመርጣለን፣ 1920 በ1080 ፒክስል፣ አርጂቢ።

ፋይሉ ሲቀመጥ ክሪኤት ፒዲኤፍ ኮምፓቲብል ፋይል የሚለው ምልክት ይኑርበት። እሱ ከሌለ አፍተር ኢፌክትስ ስዕሉን በትክክል አያነበውም።

ስዕሉን አጉልታችሁ ሲደበዝዝባችሁ አትደንግጡ። ሌየሩ ላይ ፀሐይ የምትመስለውን ምልክት ስትጫኑ ቬክተሩ (በመስመር የተሠራው ስዕል) ጥርት ይላል። ቀይ የቡና ፍሬ ስክሪኑን እስኪሞላ ድረስ አጉልቼ አንድም ሻካራ ጠርዝ አላየሁም። የሚከፈልበት ዋጋ ግን አለው። ማሽኑ ይከብደዋል፣ 16 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፔም ይንፈቀፈቃል። ሌየሩ ላይ ግሎው (የብርሃን ኢፌክት) ካለ ደግሞ ስዕሉ ሲያድግ ግሎው አብሮት አያድግም።

የቡና ቅርንጫፍ እያደገ እንዲታይ ስንፈልግ ሌየሩን ወደ ሼፕ ሌየር (መስመሩ አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ ሊንቀሳቀስ የሚችል ሌየር) እንቀይረዋለን። መስመሩ ከዜሮ እየተሳለ ሲወጣ በጣም ያምራል። ግራዲየንት (ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው እየተቀየረ የሚሄድ ቀለም) ያለበት ስዕል ግን ሲቀየር ግራዲየንቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ለዚህ ዓይነቱ ድፍን ቀለም ብቻ እንጠቀማለን።

ጽሑፍ ለኛ አገር ለብቻው መነገር አለበት። ከኢሉስትሬተር የመጣ ጽሑፍ አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ እንደ ጽሑፍ አይታረምም። ቪዲዮዎቻችን ብዙ ጊዜ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ነው የሚወጡት። ያው ሐሳብ በቁቤ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ይረዝማል፣ ለግዕዝ ፊደል የተሰፋው ቦታ አይበቃውም። ስለዚህ ስዕሉን ባዶ ቦታ ትተን እናስገባና ጽሑፉን ለእያንዳንዱ ቋንቋ አፍተር ኢፌክትስ ላይ እንጽፋለን። ሎጎ ከሆነ ጽሑፉ አውትላይን ይደረግ፣ ማለትም ወደ ቅርጽ ይቀየር። በተለይ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ፣ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል።

ከወደድኩት ነገር አንዱ፣ ጓደኛዬ ስዕሉን አስተካክላ ስታስቀምጥ እኔ ጋ መታደሱ ነው። አዲስ ሌየር ከጨመረች ግን እሱ በራሱ አይመጣም። ፋይሉን ደግሜ አስገብቼ አዲሱን ብቻ ወደ ድሮው ኮምፖዚሽን እወስደዋለሁ። ደግሞ አፍተር ኢፌክትስ ስዕሉን ውስጡ አይዘውም፣ ያለበትን ቦታ ነው የሚያስታውሰው። አንድ ቀን ፕሮጀክቱን ብቻ በፍላሽ ይዤ ደንበኛ ቢሮ ሄድኩ። ስከፍተው በስዕሉ ፈንታ ባለ ቀለም ዘንጎች መጡ። ሰውየው ታግሶኝ ዝናብ ውስጥ ተመልሼ ፋይሉን አመጣሁ። ከዚያ ወዲህ ኮሌክት ፋይልስ (ፕሮጀክቱንና ስዕሎቹን አንድ ቦታ የሚሰበስበው) ሳላደርግ ከቤት አልወጣም። መብራት ስለሚጠፋም አውቶ ሴቩን ወደ 5 ደቂቃ አውርጄዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ያቺን ቡና ቀጂ ሴት እንደገና ከፈትናት። ጓደኛዬ ክርኗንና ትከሻዋን በክብ ደርባ ሳለቻት። መጀመሪያ 4 ቀን የፈጀብኝ ክንድ አሁን 2 ሰዓት አልሞላም። የቀረኝ የነጠላዋ ጥለት ነው። ክንዷ ሲነሳ ጨርቁ አብሮ መታጠፍ አለበት፣ ለሱ ፐፔት ፒን (ስዕልን እየጎተተ የሚያጣጥፍ መሣሪያ) እየሞከርኩ ነው።