የእስካላንቴን ገደሎች በድሮ ካርታ፦ ቶፖቪውን ስጠቀምበት ያየሁት

አገር ቤት ቀያሽ ነበርኩ። ሶልት ሌክ ሲቲ ከገባሁ ወዲህ ሙያውን ብተወውም የካርታ ፍቅር አልለቀቀኝም። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይን ቶፖቪው ያገኘሁ ቀን ቁጭ ብዬ ነው ያነጋሁት።

ድረ ገጹ ላይ በፈረንጆቹ ከ1884 እስከ 2006 የወጡ የመሬት አቀማመጥ ካርታዎች ስካን ተደርገው ተቀምጠዋል። ሁሉም በነፃ ነው፤ ተመዝገቡ የሚል እንኳ የለም።

እኔ የምፈልገው ደቡብ ዩታን፣ እስካላንቴን ነው። ገደል በገደል የሆነ የከብት አርቢዎች አገር ነው። መጀመሪያ የ1880ዎቹን ካርታ አወረድኩ። የኮንቱሩ፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘው መስመር፣ የከፍታ ልዩነት 250 ጫማ ነው። ስለዚህ 200 ጫማ ቀጥ ያለ ገደል በሁለት መስመር መሃል ሊጠፋ ይችላል። ያምራል፤ መንገድ ግን አትውጡበት።

ልቤን የወሰዱት የግሌን ካንየን ግድብ በ1963 ውሃ መያዝ ከመጀመሩ በፊት የተሠሩት፣ ስኬላቸው (ከመሬቱ ጋር ያላቸው ምጣኔ) 1:62,500 የሆኑት ካርታዎች ናቸው። ዛሬ ፓዌል ሐይቅ የተኛበት ቦታ ላይ የኮሎራዶ ወንዝ ገና በገደሉ ሥር ሲጠማዘዝ ታያላችሁ። ጠጋ ብላችሁ እዩት። ምንጭ ማለት ጭራ ያላት ትንሽ ሰማያዊ ክብ ናት። በጋ ላይ የሚደርቀው ጅረት ሰረዝና ነጥብ እየተፈራረቀ ይወርዳል። የከብት በረቱ፣ ኩሬው፣ የጂፑ መንገድ ሁሉ አለ። ከብት የት እንደሚጠጣ የሚያውቅ ሰው እውቀት ወረቀት ላይ ቀርቷል።

ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። ካርታው የታተመበትና መሬቱ የተለካበት ዓመት ይለያያል፤ ግርጌውን አንብቡ። ሐምራዊ ቀለም ካያችሁ ደግሞ በኋላ ከአየር ፎቶ የተጨመረ ነው። የድሮው ካርታ ኬክሮስና ኬንትሮስ የተለካበት መነሻ፣ ናድ 27 የሚባለው፣ ከስልካችሁ ጂፒኤስ ጋር በአሥሮች በሚቆጠር ሜትር ይለያያል። ገደል አፋፍ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስታሳትሙም «ከወረቀቱ ጋር አመጣጥን» የሚለውን አስጠፉ። አንድ ማተሚያ ቤት ሳይነግረኝ አሳንሶት፣ በማስመሪያ የለካሁት ርቀት ሁሉ ተበላሽቶብኝ ነበር። አሁን መጀመሪያ የስኬሉን መስመር ነው የምለካው።

ባለፈው መስከረም ከልጄ ጋር አንዱን በረት ፍለጋ ወረድን። ካርታው ባመለከተው ቦታ ላይ አራት ምሰሶ ቆሞ አገኘን፣ ሽቦው ዝጓል። ልጄ እንጨቱን አሸተተና «አባዬ፣ ምንድን ነው?» አለኝ። ጥድ ነበር።