መቋሚያ ለገና ሌሊት፦ ጉልበት ለሚያማቸው አባቶችና እናቶች ይሆናል?

ገና ሲቃረብ ባሕር ዳር ውስጥ ነዋየ ቅድሳት ከሚሸጡ ሱቆች ለአባት ወይም ለእናት መቋሚያ በስጦታ የሚገዛ ብዙ ነው። ስጦታው መልካም ነው፤ የታኅሣሥ 29ን ሌሊት ከማኅሌት እስከ ቅዳሴ መቆም ለአዛውንት ጉልበት ቀላል አይደለም። ነገር ግን መቋሚያ ለመቆም እንጂ ለመራመድ የተሠራ አይደለም፤ ይህን ሳይለዩ የገዙት ነው ትከሻ የሚያሳምመው።

ከሁሉ በፊት ቁመቱን እዩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጫማ ይወልቃልና በባዶ እግር ለኩት። ሰውየው ቀጥ ብለው ሲቆሙ የመቋሚያው ራስ ከብብታቸው 2 ወይም 3 ጣት ዝቅ ይበል። ረዝሞ ብብት ውስጥ ከገባ እዚያ የሚያልፈውን ነርቭ ይጫናል፤ መጀመሪያ ጣት ይደነዝዛል፣ ሲቆይ እጅን ቀና ማድረግ ያቅታል። ስለዚህ ራሱን በሁለት እጅ ጨብጦ ከደረት ፊት መደገፍ ይሻላል። የረዘመውን አናጢ ከታች በጥቂት በጥቂቱ ይቆርጠዋል። ያጠረ ግን መፍትሔ የለውም፤ ወገብ ያጎብጣል።

ቀጥሎ ራሱ ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ፈትሹ። መቋሚያ ሲሰበር ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚያ ነው። ጨብጣችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጠምዝዙት፤ ትንሽ እንኳ ከተነቃነቀ ወይም ቀጭ ካለ መልሱት። የናስ ራስ ያምራል፣ ግን ላዩ ስለሚከብድ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ አይሆንም። የእንጨት ይበቃል። ዘንጉ ላይ ቅርንጫፍ የተቆረጠበት ጠባሳ ካለም ሌላ ምረጡ፣ ክብደት ሲያርፍበት ከዚያ ይሰነጠቃል።

የብዙዎቹ ትልቁ ጉድለት ጫፋቸው ነው። ባዶ እንጨት ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል፤ የብረት ጫፍ ደግሞ ለአፈር እንጂ ለሴራሚክ አይሆንም። የሕክምና ዕቃ የሚሸጥበት ቤት ሄዳችሁ የክራንች ጎማ ግዙለት። መቋሚያውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጎማው ጠብቆ ካልገባ ይሽከረከርና ጭራሽ ይጥላል። ሥሩ ያለው ጥርስ ሲያልቅ መቀየር አለበት። መቋሚያው ጎማ ኖሮት እግሩ ተራ ካልሲ ካደረገም ያው ነው፤ ከሥሩ የጎማ ነጠብጣብ ያለው ካልሲ ፈልጉ። የስኳር ሕመም እግራቸውን ላደነዘዘባቸው ደግሞ ግቢው ላይ በባዶ እግር መሄድ አይመከርም፣ ጠጠር ቢወጋቸው አያውቁትም።

ለመንገድ ከዘራ ይሻላል። ጫማ አድርገው እጃቸውን ሲያወርዱ የከዘራው እጀታ የእጅ አንጓቸው ላይ ይድረስ። የሚያዘው ከሚያመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ነው፦ ቀኙ ካመመ በግራ። ብዙ ሰው በሚያመው በኩል ይይዘዋል፤ ያኔ ሰውነት ወደ ታመመው እግር ያዘነብልና ሸክሙ ይብሳል። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ ከዘራውና የታመመው። ዘጌ ተሻግረው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለሚሳለሙም ከጀልባ ማረፊያው በቡናው ደን መሐል የሚወጣው መንገድ ድንጋይና ሥር ስለሚበዛው ይህ ቅደም ተከተል ይጠቅማል። ከጀልባ ሲወርዱ ግን ከዘራውን ለሌላ ሰው ሰጥተው የሰው እጅ ይያዙ። እርጥብ ድንጋይ ላይ ከዘራ አይታመንም።

መቋሚያ የማይከላከለው አንድ ነገር አለ፤ ማዞር። ረጅም ሰዓት ሲቆሙ ደም ወደ እግር ይወርዳል፣ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ ከተቀመጡበት ብድግ ሲሉ ዓይናቸው ሊጨልም ይችላል። ተረከዝን እያነሱ መመለስ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። ካዞራቸው ወዲያው ይቀመጡ። ኪኒናቸውን በጾም ሰበብ በራሳቸው አያቁሙ። በተለይ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒና የሚወስዱ ሳይበሉ ሲያድሩ ስኳራቸው ሊወርድ ስለሚችል አስቀድመው ሐኪማቸውንም የንስሐ አባታቸውንም ያማክሩ።

ለመግዛት ጥሩው ጊዜ ጾሙ የሚገባበት ኅዳር 15 አካባቢ ነው፤ ለመለማመድ ስድስት ሳምንት ገደማ ይገኛል። ከወንበር ሳይደገፉ አሥር ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ በየቀኑ፣ ጭን ያጠነክራል። ጉልበት ካመመ ከፍ ባለ ወንበር ይጀመር።

አንድ ጉልበት ለሚያማቸው፣ ሚዛናቸው ደህና ለሆነ፣ መቋሚያ ግዙ። ሁለቱም ጉልበት ለሚያማቸው ወይም በዚህ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ለወደቁ አልመክርም፤ ገንዘቡን ለሚታጠፍ ወንበር አውሉት፣ አረጋዊ ተቀምጦ ቢያስቀድስ የሚከፋው የለም። ወንበሩ የእጅ መደገፊያ ይኑረው፣ ሲቀመጡም ጉልበታቸው ከዳሌያቸው ከፍ እንዳይል፤ ዝቅ ያለ ወንበር ለመነሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋል።