ነጩ ፎም ወይስ ጠንካራው? ለጨዋታችን ኮረብታና ግንብ የቱ ይሻላል

ባለፈው ቅዳሜ ብቻ ሦስት ሰው ጠየቀኝ። «ያን ግንብ የሠራህበትን ፎም ከየት አመጣኸው? ስንት ፈጀብህ?» በሚኒያቸር፣ ማለትም ጠረጴዛ ላይ በትንንሽ ምስሎች፣ የሚጫወት የባሕር ዳር ልጅ ሁሉ ጥያቄው ይኸው ነው። ፍሪጅና ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበት ነጩ ፎም ይሻላል ወይስ ለቤት ሙቀት መከላከያ የሚሸጠው ጠንካራው ሰሌዳ?

እኔ ጠንካራውን ነው የምለው። ግንብ፣ ድልድይ ወይም ደረጃ ልትሠሩ ካሰባችሁ ነጩን በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

ሰው የሚፈራው ዋጋውን ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ነጩን ከኤሌክትሮኒክስ ሻጮች በ50 ብር ጆንያ ሙሉ አገኘሁ። ወጪው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሲቆረጥ ፍሬ ፍሬ እየሆነ ይረግፋል፤ ቤቱ ሁሉ በረዶ የዘነበበት ይመስላል። ጠርዙን ለመድፈን ስቱኮ 150 ብር። በላዩ ወረቀት ለመለጠፍ የአናጢ ኮላ 220 ብር። ምላጭ ቶሎ ስለሚደንዝ ሌላ 60 ብር። ይኸው 480 ብር ሆነ። ክረምቱ ሳይወጣ ጠርዙ ተሸራርፎ ሁለት ጊዜ ጠገንኩት፣ በየጊዜው 130 ብር። ድምሩ 740 ብር።

ጠንካራውን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። 60 በ120 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 5 ሴንቲ ሜትር የሚወፍረው ሰሌዳ 950 ብር፣ በአውቶቡስ መላኪያ 150 ብር፣ ኮላ 70 ብር። 1,170 ብር። ልዩነቱ 430 ብር ብቻ ነው። ሁለት ክረምት አልፎታል፣ አንድም ቀን አልጠገንኩትም።

ሥራው ደግሞ አይገናኝም። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለውን የአላታ ድልድይ ታውቁታላችሁ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን። እሱን በትንሹ ለመሥራት ሞክሬ ነበር። በነጩ ፎም ቅስቱ ሦስት ጊዜ ተሰበረብኝ። በጠንካራው አንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩት። የድንጋዮቹን መገጣጠሚያ በተራ እስክሪብቶ እየተጫንኩ ነው ያወጣሁት። ከዚያ ደጃፍ ላይ የወደቀ ጥቁር ድንጋይ አንስቼ ፊቱን ደጋግሜ ጫንኩበት። አገራችን እንዲህ ባለ ድንጋይ የተሞላ ነው፣ ከሱ የሚበልጥ መሣሪያ አላገኘሁም። የድንጋዩ ሻካራነት እንዳለ ታተመ። ቀለም ሲቀባ ያየ ሰው ሁሉ በእጁ ሳይነካው አያልፍም።

አሁን የተቃጠልኩበትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ጠንካራ ነው ብዬ የገዛሁት ጠንካራው አልነበረም። ሻጩ በስልክ «ወንድሜ፣ ኦሪጅናል ነው፣ አታስብ» አለኝ። ሰማያዊ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ተጠቅልሎ መጣ። ስቆርጠው ውስጡ ያው ፍሬ ፍሬ፣ ነጩ ፎም ቀለም ገብቶበት ነው። ብደውል አይመልስም። 950 ብሬ ቀረ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጥጉን ሰብሮ በቪዲዮ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ስብራቱ ላይ ክብ ክብ ፍሬ ከታየ አትግዙ። ትክክለኛው ውስጡም እንደ ላዩ ድፍን ነው። ጥጉን አልሰብርም የሚል ሻጭ ካለ ተዉት።

ሁለቱም ፎሞች የሚጋሩት አንድ ጠላት አለ። ማስቲሽ አትንኩበት። ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ፎሙን አቅልጦ ጉድጓድ ያወጣበታል። በቆርቆሮ የሚሸጥ የስፕሬይ ቀለምም እንዲሁ። አንድ ሙሉ ኮረብታ በስፕሬይ ጥቁር ልቀባ ስል ዓይኔ እያየ ተጨማደደ። በስቱኮ ሞልቼ አዳንኩት እንጂ ልጥለው ነበር። የአናጢ ኮላ ከጥቁር ውሃ ቀለም ጋር ቀላቅላችሁ መጀመሪያ በብሩሽ ሸፍኑት፣ ሙሉ ሌሊት ይደር። በደንብ ከተሸፈነ በኋላ የፈለጋችሁትን ቀቡ።

ደንገልስ? የሚሉኝ አሉ። ጣና ዳር ሆነን መጠየቁ አይገርምም። ለኮረብታ አይሆንም፤ ውሃ ይጠጣል፣ ለዚያም ነው የደንገል ታንኳ ከሐይቁ እያወጡ የሚያደርቁት። በክረምት ያላደረቅኩት አንድ እስር ሻግቶ ጣልኩት። ለጎጆ ክዳንና ለአጥር ግን ግሩም ነው። በደንብ አድርቃችሁ በቀጭኑ ሰንጥቁት፣ በኮላ ደራርባችሁ ለጥፉ።

ነጩን የምመክረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ወፍራም ኮረብታ ስትሠሩ ከሥር ለመሙያ፣ ጠርዙ በማይታይበት። ላይኛውን ሽፋን ከጠንካራው ቁራጭ አድርጉት፤ ከግንብ ሥራ የሚተርፈው ለዚህ ይበቃል።

አንድ ሰሌዳ ለአንድ ሰው ይበዛል። ለሁለት ስትካፈሉት መላኪያውን ጨምሮ 550 ብር ይደርሳችኋል፤ ነጩን ገዝቶ ከመጠገን ያነሰ ማለት ነው። እኔ በሚቀጥለው ሳምንት ላስመጣ ነው። ግማሹን የሚካፈለኝ ካለ እስከ ሐሙስ ይንገረኝ።