ለድሬ ውኃ የትኛውን የፒኤች መለኪያ እንግዛ? ሊትመስ፣ ባለብዙ ቀለም ወረቀት ወይስ ዲጂታል

ድሬዳዋ ውስጥ ማንቆርቆሪያ ገዝቶ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ያልጋገረበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። የከርሰ ምድሩ ውኃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየም እያሟሟ ስለሚመጣ ነው። ብዙ ሰው ግን «ውኃው አሲድ ሳይኖረው አይቀርም» በሚል ጥርጣሬ የፒኤች መለኪያ ሊገዛ ይነሣል። ፒኤች የሚነግረን ውኃው ምን ያህል አሲዳማ (ከ7 በታች፣ እንደ ሎሚ) ወይም ቤዛማ (ከ7 በላይ፣ እንደ ሳሙና ውኃ) መሆኑን እንጂ የተሸከመውን የካልሲየም መጠን አይደለም። ስለዚህ ጭንቀቱ ቅርፊቱ ብቻ የሆነ ገዢ ከዚህ በታች ከተጠቀሱት ሦስቱ አንዱንም ሳይሆን የካልሲየምና የማግኒዥየም መጠን የሚያሳየውን ወረቀት ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ሊትመስ፣ ማለትም በአሲድ የሚቀላውና በቤዝ የሚሰማያዊው ወረቀት፣ ከሁሉም ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የሚቀላው ከ4.5 ገደማ በታች፣ የሚሰማያዊውም ከ8.3 ገደማ በላይ ስለሆነ በመካከል ያለውን ሁሉ ወይን ጠጅ አድርጎ ያልፈዋል። ለመጠጥ ውኃ የተለመደው ከ6.5 እስከ 8.5 ያለው ክልል ከሞላ ጎደል የሚወድቀው እዚያው ነው። ሎሚንና የሳሙና ውኃን ለሚለይ ተማሪ ይበቃል፤ ለቧንቧ ውኃ ግን አልመክረውም።

ባለብዙ ቀለሙ ወረቀት ንባቡን እስከ አንድ ቁጥር፣ ጠባብ ክልል ያለው ደግሞ እስከ ግማሽ ያህል ያቀርበዋል። በፒኤች አንድ ቁጥር ማለት የአሥር እጥፍ ልዩነት በመሆኑ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ቤት ከቧንቧ የተቀዳውን ውኃና አፍልቼ ያቀዘቀዝሁትን በሁለት ብርጭቆ አድርጌ ስነክረው የመጀመሪያው አረንጓዴ ሆነ፣ ሁለተኛው ወደ ሰማያዊ አዘነበለ። ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስለሚወጣ ፒኤቹ ከፍ ይላል፤ ካልሲየም ካርቦኔቱም በዚያው ጊዜ በማንቆርቆሪያው ግድግዳ ላይ ይጋገራል። ቀለሙን ማንበብ የሚገባው በቀን ብርሃን ነው፤ ማታ በቢጫ አምፖል ሥር የታየ አረንጓዴ ያሳስታል። በረኪና የበዛበት ውኃ ደግሞ ቀለሙን ራሱን ያነጣዋል።

ዲጂታሉ ባለ ሁለት አኃዝ ነጥብ ቁጥር ስለሚያሳይ ልብ ይስባል፤ ሆኖም በፒኤች 4፣ 7 እና 10 ባፈር (ፒኤቹ አስቀድሞ በታወቀ ማስተካከያ ፈሳሽ) ካልተስተካከለ ከነጥቡ በኋላ ያለው አኃዝ ጌጥ ነው። ጫፉ ላይ ያለው የመስታወት ኤሌክትሮድ ሁልጊዜ እርጥብ መሆን አለበት፣ የድሬ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ያደርቀዋል። የመጀመሪያዬን ክዳኑን ሳላጠብቅ መሳቢያ ውስጥ ረስቼው ከርሞ፣ ሳወጣው ለሎሚ ጭማቂም ለሳሙና ውኃም ተቀራራቢ ቁጥር ይሰጠኝ ጀመር። ብዙዎች እንደሚያደርጉት በተጣራ ውኃ መዘፍዘፍም ይጎዳዋል፤ ማቆያው ፖታሲየም ክሎራይድ የተሟሟበት ፈሳሽ ነው።

እንግዲህ የቤቱን ውኃ አልፎ አልፎ ለሚፈትሽ ሰው ወረቀቱ ከበቂ በላይ ነው። ፈሳሽ ሳሙና እየሠራ ለሚሸጥ ወይም በየቀኑ ለሚለካ ግን ዲጂታሉ ዋጋውን ይመልሳል፤ ባፈሩንና ማቆያውን አብሮ የማይሸጥ ሱቅ ከሆነ ግን ዕቃውን ባይወስድ ይሻላል። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያም ሆነ ሌላ ቦታ ሲገዙ እዚያው በባፈር 7 አስተካክለው፣ ጫፉን አጥበው በባፈር 4 ይንከሩት፤ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ 4 አካባቢ ረግቶ ካልቆመ ለሻጩ ይመልሱለት።