አልሸባብን ለመግፋት የቱ ይሻላል፦ የውጭ ጦር ወይስ የጎሳ ሚሊሻ?

የሶማሊያው ታጣቂ ቡድን አልሸባብ ጡንቻው የፈረጠመው በ2006 መጨረሻ የኢትዮጵያ ጦር ቡድኑ የወጣበትን የእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረትን ከሞቃዲሾ ካስወጣ በኋላ ነው (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም መንገድ ተሞክሯል።

አቅም
የውጭ ጦር፦ ታንክና ከባድ መሣሪያ አለው። የአፍሪካ ኅብረት ጦር ሲገፋው ቡድኑ በነሐሴ 2011 ሞቃዲሾን ለቀቀ፤ በ2012 የወደብ ከተማዋን ኪስማዮን፣ በ2014 ባራዌን አጣ። ከሁሉ የጎዳው ኪስማዮ ይመስለኛል። በወደቡ በኩል ከሚወጣው ከሰል ቀረጥ ይሰበስብ ነበርና።
ሚሊሻ፦ ክላሽ ይዞ ይወጣል፤ ግን ማን የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል። በ2022 በማዕከላዊ ሶማሊያ የሂራን የጎሳ ታጣቂዎች ሲነሱ አልሸባብ ቤት አቃጠለ፣ የውሃ ጉድጓድ አፈረሰ። ታጣቂዎቹ ግን ይበልጥ እልህ ያዛቸው፤ በዚያው ዓመት ከመንግሥት ጦር ጋር ሆነው ብዙ ቦታ አስለቀቁ።

ወጪ
የውጭ ጦር፦ በለጋሾች ኪስ ይኖራል።
ሚሊሻ፦ ርካሽ ነው።

አደጋ
የውጭ ጦር፦ «ወራሪ መጣ» ለሚል ቅስቀሳ ይመቻል፤ ቡድኑ በ2007 እና 2008 ወጣት የመለመለው በዚሁ ነው። ሰፈሩም ዒላማ ነው፤ በጥር 2016 አልሸባብ ኤል አዴ የነበረውን የኬንያ ካምፕ ወርሮ ብዙ ወታደር ገድሏል።
ሚሊሻ፦ ከጎሳው መሬት አልፎ መዋጋት አይወድም። በ2022 ከቡድኑ የተነጠቀችው የአዳን ያባል ከተማ በሚያዝያ 2025 መልሳ በአልሸባብ እጅ ገብታለች።

ወደብ ወይም ትልቅ ከተማ ማስለቀቅ ከሆነ የውጭ ጦር ያስፈልጋል። ጎሳው በአንድነት በተነሳበት ገጠር ሚሊሻው ይበልጣል። ጎሳዎች በመሬት በሚጣሉበት በታችኛው ሸበሌ ግን አንዱን ማስታጠቅ ሌላውን ወደ አልሸባብ መግፋት ሊሆን ይችላል።