ቤም፣ ቴይልዊንድ ወይስ ሲኤስኤስ ሞጁልስ፦ ለቲማችሁ የትኛው ያዋጣል?

ሦስቱም ሲኤስኤስን፣ ማለትም የዌብ ገጽን ቀለም፣ መጠንና አቀማመጥ የሚወስነውን ኮድ፣ በሥርዓት ለመጻፍ የሚያገለግሉ ዘዴዎች ናቸው፤ ሦስቱም ነፃ ናቸው። ስለዚህ ዋጋቸው የሚቆጠረው በብር ሳይሆን በሰዓት ነው። አዲስ ልጅ ቲሙን ሲቀላቀል ሥራ ለመጀመር ስንት ቀን ይፈጅበታል? ደንበኛው ከዓመት በኋላ ደውሎ "ይቺን ቁልፍ አረንጓዴ አድርጉልኝ" ሲል ስንት ፋይል መክፈት አለባችሁ? እኔ ሦስቱንም ሠርቼባቸዋለሁ፣ የማወዳድራቸውም በዚህ ነው።

መጀመሪያ ግን ሕግ የሌለው ኮድ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ከሌላ ቲም የሱቅ ዌብሳይት ተረከብን። ያለው አንድ ትልቅ የሲኤስኤስ ፋይል ነው፣ ብዙ ሰው ተፈራርቆበታል፣ እያንዳንዱም የፊተኛውን ለመሻር "ኢምፖርታንት" (ከሌላው ሁሉ ይቅደም የሚል ምልክት) እየጨመረ ሄዷል። የአንድ ጽሑፍ ቀለም ለመቀየር ግማሽ ቀን ፈጀብን፤ ተሳካ ስንል ደግሞ የክፍያ ገጹ ቁልፍ ከነጭ ጀርባው ጋር ተመሳስሎ ጠፋ። ይህን ያገኘነው ከደንበኛው ስልክ ሲደወል ነው። ያኔ ነው ስለ አጻጻፍ ሥርዓት በቁም ነገር ማሰብ የጀመርኩት።

ችግሩ የሚመጣው ሲኤስኤስ ውስጥ ስም ሁሉ የጋራ ከመሆኑ ነው። እዚህ ገጽ ላይ "ርዕስ" ብላችሁ የጻፋችሁት ክላስ (ለብዙ ቦታ የሚሰጥ የስታይል ስም) እዚያም ገጽ ያለውን "ርዕስ" ይነካል። አይዲ (ለአንድ ቦታ ብቻ የሚሰጥ ስም) ክላስን ይበልጣል፣ ሁለት ክላስ አንዱን ይበልጣል፣ እኩል ከሆኑ ኋላ የተጻፈው ያሸንፋል። ሦስቱ ዘዴዎች የሚለያዩት ይህንን አንድ ችግር በሚፈቱበት መንገድ ነው።

ቤም ያንዴክስ በተባለው የሩሲያ የኢንተርኔት ኩባንያ ውስጥ የተወለደ የስም አወጣጥ ሕግ ነው። ብሎክ፣ ኤለመንት፣ ሞዲፋየር ማለት ነው። ሲኤስኤስ በእኛ ፊደል የተጻፈ የክላስ ስም ስለሚቀበል በአማርኛ ላሳያችሁ፦ "ካርድ" ብሎኩ ነው፣ "ካርድ__ርዕስ" በውስጡ ያለው ክፍል፣ "ካርድ--ትልቅ" ደግሞ ልዩነቱ። በቃ። ምንም የሚጫን ነገር የለም፣ ኖድ (የመገንቢያ መሣሪያዎች የሚሠሩበት ፕሮግራም) አያስፈልግም፣ ሲፓነል (የሆስቲንግ መቆጣጠሪያ ገጽ) ያለው ተራ ሆስቲንግ ላይ ፋይሉን ጭናችሁ ትሄዳላችሁ። ሁሉም ነገር በአንድ ክላስ ስለሚጻፍ የማሸነፍና የመሸነፍ ጦርነቱም ይቆማል።

ጀማሪ የሚሳሳተው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፦ "ካርድ__ራስጌ__ርዕስ" ብሎ ይደራርባል። ትክክሉ "ካርድ__ርዕስ" ነው፣ ኤለመንት የሚቆጠረው ከብሎኩ ብቻ ነው። ይህን የሚቆጣጠር ሰው ከሌለ ሕጉ በወር ውስጥ ይፈርሳል፣ ምክንያቱም ቤምን የሚጠብቀው ስምምነት ብቻ ነው። ሌላው ደካማ ጎኑ ፋይሉ እያደገ እንጂ እያነሰ አይሄድም። የድሮውን ክላስ ማንም ለመሰረዝ አይደፍርም፣ "የሆነ ቦታ ይሠራ ይሆናል" ይባላል።

ቴይልዊንድ እዚህ ጋ ነው የሚበልጠው። እ.ኤ.አ. በ2017 አዳም ዋታን ሲያወጣው ብዙዎቻችን የክላሶቹን ርዝመት አይተን ፊታችንን አዙረናል። ለእያንዳንዱ ስታይል ትንሽ ክላስ አለ፤ "ፒ-4" ብትሉ በአራቱም ጎን 16 ፒክስል ክፍተት ነው። ስም ማውጣት የለም። ኤችቲኤምኤሉን (የገጹን ይዘት የያዘውን ኮድ) ስትሰርዙ ስታይሉም አብሮ ይሄዳል፣ የመጨረሻው ፋይል ውስጥም የሚገባው የተጠቀማችሁበት ክላስ ብቻ ነው። ዳታ በሜጋባይት ለሚገዛ ተጠቃሚ ስትሠሩ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ለአማርኛ ዌብሳይት ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የቴይልዊንድ የፊደል መጠን ክላሶች የመስመር ከፍታንም ይዘው ይመጣሉ። ለላቲን ፊደል ተለክተው የተሠሩ ናቸው፣ ፊደላችን ሲገባበት መስመሮቹ ይጨናነቃሉ፣ በተለይ በትንሹ መጠን። ግን እንደ ጉድለት አላየውም፤ የጋራው የመጠንና የቀለም ቅንብር (ጭብጡ) ላይ አንድ ጊዜ ስታስተካክሉት ዌብሳይቱ ሙሉ ይስተካከላል። ቤም ላይ ይህንን በየብሎኩ እየዞርኩ ሳስተካክል ቀናት አልፈውብኛል።

ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛው፣ ቴይልዊንድ ኮዳችሁን የሚያነበው እንደ ተራ ጽሑፍ ነው። የክላሱን ስም ከቫሪያብል ጋር ቀጣጥላችሁ ከሠራችሁት አያገኘውም፣ ስታይሉም አይወጣም፣ ስህተት የሚል መልእክትም አታዩም። ቲማችን ውስጥ አዲስ የገባ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ወድቋል፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ንገሩት። ሁለተኛው ቨርዥን 4 ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የወጣው ይህ ቨርዥን ክሮም 111፣ ሳፋሪ 16.4 እና ፋየርፎክስ 128 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ተጠቃሚዎቻችሁ አሮጌ ስልክ የያዙ ከሆነ ቨርዥን 3.4 ላይ ቆዩ፤ እኔ ደንበኛው ስታቲስቲክሱን ሳያሳየኝ ወደ 4 አላሻግርም።

ተዘጋጅተው የሚሸጡ የቴይልዊንድ ኮምፖነንቶችም (እንደ ቁልፍና ቅጽ ያሉ የገጽ ክፍሎች) አሉ፣ ክፍያው አንድ ጊዜ ነው፣ ግን በዶላር። ዶላር የሚከፍል ካርድ ከሌላችሁ ዴይዚ ዩአይ የሚባለው የኮምፖነንት ስብስብ ነፃ ነው፣ ከእሱ ጀምሩ።

ሲኤስኤስ ሞጁልስን በአጭሩ ልለፈው። እንደለመዳችሁት ሲኤስኤስ ትጽፋላችሁ፣ ኮዱ ሲገነባ ማሽኑ ራሱ እያንዳንዱን ክላስ ልዩ ስም ይሰጠዋል፣ ስለዚህ ግጭት የለም። ቪትና ኔክስት የተባሉት የዌብ መገንቢያ መሣሪያዎች ውስጥ ተሠርቶ ያለ ስለሆነ የሚጨመር ነገር የለም። ሲኤስኤስ በደንብ የሚያውቁ ሰዎች ካሏችሁ ደስ ይላል። የሚጎድለው ነገር ግን የመጠንና የቀለም ሥርዓት ነው፤ አንዱ 15 ፒክስል፣ ሌላው 17 ይጽፋል፣ የሚከለክላቸው የለም።

እንግዲህ የቱን ትያዙ? የወርድፕረስ ዌብሳይት እየሠራችሁ ለደንበኛ የምታስረክቡ ከሆነ፣ ከእናንተ በኋላ የሚነካው ሰው ማን እንደሆነ የማታውቁ ከሆነ፣ ያለጥርጥር ቤም። የሚመጣው ሰው ኖት ፓድ ብቻ ይዞም ሊያስተካክለው ይችላል። በሪአክት፣ በቪዩ ወይም በላራቬል (የዌብ ፕሮግራም መሥሪያ መሣሪያዎች ናቸው) የራሳችሁን ምርት ለዓመታት የምታሳድጉ ከሆነ ቴይልዊንድ፣ ክላሶቹን በቅደም ተከተል የሚደረድረውን የፕሪቲየር (የኮድ አጻጻፍን የሚያስተካክል መሣሪያ) ፕለጊን ጨምራችሁ፣ አለበለዚያ የሌላውን ሰው ኮድ ማየት ዓይን ያደክማል። ሞጁልስን የምመክረው ዲዛይነሩ በየገጹ የተለየ ነገር ለሚያመጣበት ሥራ ነው።

ከሦስቱ ሁለት ዘዴ አንድ ፕሮጀክት ላይ አትቀላቅሉ። "ለጊዜው" ተብሎ የተጀመረ ቅልቅል ሲጸዳ እስካሁን አላየሁም።

አሁንም ካመነታችሁ ከሠራችሁት ዌብሳይት አንድ ገጽ ምረጡ፣ ቅጽና ዝርዝር ያለበት ቢሆን ይሻላል። ቲሙ ውስጥ ትንሽ ልምድ ላለው ልጅ ስጡት፣ በምታመነቱባቸው ሁለት ዘዴዎች ይሥራው፣ ሰዓቱን ያዙ። ከሳምንት በኋላ ያንኑ ገጽ ለሌላ ሰው ሰጥታችሁ አንድ ቀለምና አንድ ክፍተት አስቀይሩት። እኔ ከመጀመሪያው ሰዓት ይልቅ የሁለተኛውን ነው የምቆጥረው።