ለዓይን ክፍሏ ሲስተር ምስጋና፣ ወላጁን ሞራ ለሚያስገፍፍ ደግሞ ጥቆማ

«ያችን ልጅ አመሰገንክልኝ ወይ?» ከጥር ወዲህ የእናቴ የስልክ ሰላምታ ይሄ ሆኗል። እኔም ዛሬ ነገ ስል ፋሲካ አለፈ። አሁን ፎቶ ኮፒ ቤቴ መብራት ስለጠፋ ቁጭ ብዬ በስልኬ እየጻፍኩ ነው። ረዘም ይላል፤ የዓይን ሞራ ያለበት ወላጅ ያለው ሰው ግን ታግሶ ያንብበው።

ምስጋናው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል ለምትሠራ አንዲት ሲስተር ነው። ስሟን ልጻፈው ወይ ብዬ ብጠይቃት «ብቻዬን የሠራሁት ነገር የለም፣ የክፍሉን ጻፍ» አለችኝ፤ ስለዚህ ትቼዋለሁ። ለቀዶ ሕክምና የተቀጠሩትን ሰብስባ የምታስረዳው እሷ ናት። የእናቴን ዓይን የሠራላት ዶክተርም እጁ ይባረክ፤ ግን እሱን ያገኘነው ለጥቂት ጊዜ ነው። የሁለት ዓመቱን ፍርሃት ያወረደልን የሲስተር አንደበት ነው።

እናቴ የምትኖረው ዳባት ነው። ዓይኗ መድከም ሲጀምር «ጭጋግ ጋረደኝ» ትል ነበር፤ ዳባት ላይ ደግሞ ጭጋግ ብርቅ ስላልሆነ ማንም ልብ አላላትም። ቆይቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ጠላች፤ ማታ የመኪና መብራት ይበተንባት ጀመር፤ ሰው የምትለየው በድምፁ ሆነ። ነጠላዋን የምታጥብላትን ልጅ ሁሌ ትቆጣለች፣ «ቢጫ አድርገሽ አመጣሽው» እያለች። ልጅቱ በረኪና ጨምራም አልሆነላትም።

እኔ ደግሞ ነገሩ በመነጽር የሚያልቅ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ገዛሁላት፤ ሁለቱም መሶቡ ላይ ተቀምጠው ቀሩ። በኋላ አንድ ቦታ (ስሙ ይቆይ) አሳየኋትና «ሞራ ነው፤ ግን ገና አልበሰለም፣ ይብሰልና አምጣት» አሉኝ። ሙዝ ይመስል እስኪበስል አንድ ዓመት ሙሉ ጠበቅን። በዚያ መሃል የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ስታ ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰነጠቀ። ሲስተር ይህን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። «ይብሰል» የሚባለው የድሮ አሠራር ነው አለችኝ፤ አሁን ሞራው የዕለት ኑሮን ማወክ ከጀመረ ይገፈፋል፣ እንዲያውም ብዙ ቆይቶ የጠነከረ ሞራ ለማውጣት ይከብዳል። ያ አንድ ዓመት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የእናቴ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። አንዲት ጎረቤቷ «ዓይንን አውጥተው፣ ሳህን ላይ አጥበው ነው የሚመልሱት» ብላታለች። ይህን ያልሰማ ሰው በአካባቢያችን ያለ አይመስለኝም። እናቴ የጨመረችበት የራሷ ጥያቄ ደግሞ አለ፦ «ሲመልሱት ገልብጠው ቢያስገቡትስ?» እኔ ስስቅ ተቆጣች። ሲስተር አልሳቀችም። አጠገቧ ቁጭ ብላ «እማማ፣ እሸት ባቄላ ፈልፍለው ያውቃሉ?» አለቻት።

«ባቄላማ ምን ገዶኝ።»

«ዓይንዎ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ከጥቁሩ ኋላ፣ ከምስር ከፍ የምትል ጥርት ያለች ፍሬ አለች፤ ብርሃን የሚያልፈው በእሷ ነው። በዕድሜ ብዛት የደፈረሰችው እሷ ናት። ዶክተሩ ከጎን ትንሽ በር ይከፍትና ፍሬዋን ያወጣል፤ ገለፈቷ እዚያው ይቀራል። ባዶው ገለፈት ውስጥ አዲስ ፍሬ ያስቀምጣል። በቃ።»

እናቴ ትንሽ አሰበችና «ገለፈቱ ካለማ ጥሩ ነው» አለች። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ባዮሎጂ ተምሬ እንዲህ ገብቶኝ አያውቅም።

አዲሱ ፍሬ፣ ማለትም ሌንሱ፣ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው፤ ዕድሜ ልክ እዚያው ይኖራል፣ አይታጠብም፣ አይቀየርም። ባዕድ ነገር ዓይን ውስጥ እንዴት ይቀመጣል ብዬ ማታ ሳገላብጥ አንድ ታሪክ አገኘሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አብራሪዎች የአውሮፕላናቸው መስኮት ሲሰበር ስብርባሪው ዓይናቸው ውስጥ ይገባ ነበር። ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል የለንደን ሐኪም ያ ፕላስቲክ ዓይናቸውን እንደማያስቆጣው ልብ አለና፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ከዚያው ዓይነት ነገር ሌንስ አሠርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ዓይን ውስጥ አስቀመጠ። ለእናቴ ስነግራት «ነፍሳቸውን ይማር» ብላ አለፈችው።

የመጀመሪያው ቀን የምርመራ ነው፣ ዕለቱን ተሠርታችሁ አትመለሱም። የመድህን ደብተርና የሪፈር ወረቀት አትርሱ። ሦስት ጣት ያላት ፊደል ወዴት እንደዞረች በእጅ ማሳየት አለ፤ የዓይን ግፊት ይለካል፤ ብሌን የሚከፍት ጠብታ ይደረጋል። ጠብታው ለሰዓታት ያደበዝዛል፣ ስለዚህ ታማሚን ብቻውን አትላኩ። የሌንሱም ቁጥር ለእያንዳንዱ ሰው በመሣሪያ ይለካል እንጂ ከመደርደሪያ ተነስቶ የሚገባ አይደለም። ስኳርና ደም ግፊት ካልተስተካከለ ቀኑ ይገፋል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። በተለይ ለሽንት መቋጠር መድኃኒት የሚወስዱ አባቶች አፍረው ዝም እንዳይሉ፤ አንዳንዱ ብሌኑን ስለሚያዝለው ሐኪሙ ቀድሞ ማወቅ አለበት።

ሐኪሙ የእናቴን ዓይን ጀርባ አይቶ «ነርቩ ደህና ነው» እስኪል ትንፋሼን ውጬ ነበር። ሲስተር አስቀድማ ሳትሸፋፍን ነግራኛለች፦ ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ የጎዳው ነርቭ ካለ፣ ሞራው ቢገፈፍም ያ ብርሃን አይመለስም። ይህን ከኋላ ሳይሆን ከፊት የሚናገር ባለሙያ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ግቢው ውስጥ ያየኋቸው ነጠላ ለባሾች፣ ምርኩዝና መሪ ልጅ የያዙ አባቶች ብዛታቸው ገርሞኝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውራኑ ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በሞራ መሆኑን አሳይቷል። ግማሹ!

ሲስተር ለሴቶች የሰጠችው ምክር ለብቻው መጻፍ አለበት፣ ወንድ ሐኪም የሚያስበው አይመስለኝም። ፀጉር ከቀጠሮው በፊት ይታጠብ፣ ሹሩባውም ይሠራ፤ ከዚያ በኋላ ለጊዜው ጎንበስ ብሎ መታጠብ የለም። ቅቤ ግን አትቀቡ፤ ቀልጦ ግንባር ላይ ይወርዳል። ኩልም አይነካም። እናቴ ለሐኪም ቤት ብላ ቅቤዋን አዘጋጅታ ነበር፣ ለሽሮው ሆነ።

የቀዶ ሕክምናውን ነገር እናቴ እንደነገረችኝ ልንገራችሁ። አንድ መርፌ አለ፣ ከዓይን ሥር። ያማል፤ «እንደ ንብ» ነው ያለችው። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ይደነዝዛል። ሙሉ ማደንዘዣ ስላልሆነ ሰው ሲያወራ ትሰማላችሁ። ፊት በጨርቅ ይሸፈናል፣ በጀርባ ተኝቶ አለመንቀሳቀስ ነው። የምታየው ብርሃን ብቻ ነበር፣ ውኃ ውስጥ ሆኖ ፀሐይን እንደማየት። ሲስተር ጨርቁ ሥር እጇን ይዛ «ሳል ወይ ማስነጠስ ከመጣብዎ እንዳይነሱ፣ እጄን ጨመቅ ያድርጉ፣ ዶክተሩ ያቆማል» ብላታለች። እናቴ ሁለት ጊዜ ጨመቀች። የመጀመሪያው ለሳል ነው። ሁለተኛውን ስጠይቃት «መኖሯን ላረጋግጥ ብዬ ነው» አለችኝ። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ተሸፍና ወጣች፣ ማታ ጨቆነኝ እንጂ አላመመኝም አለች፣ የታዘዘላትን ክኒን ውጣ ተኛች።

በማግስቱ ፕላስተሩ ሲነሳ እልልታ ጠብቄ ነበር። እናቴ ዓይኗን አርገብግባ ዝም አለች። የመጀመሪያ ቀን ብዥ ሊል ይችላል፣ ዓይኑም ይቀላል፣ አሸዋ ያለበት ይመስላል፤ የአንዳንዱ ሰው ዓይን የሚጠራው ከቀናት በኋላ ነው። እኔ መደንገጥ ስጀምር ሲስተርን ትክ ብላ አይታ «የኔ እናት፣ የጋውንሽ ኪስ ተቀዷል፤ የሚሰፋልሽ የለም?» አለቻት። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ኪሱ እውነትም በአንድ ጥግ ተተርትሯል፤ እኔ ሁለት ቀን ሙሉ አላየሁትም።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ሰው የሚሳሳትበት። ሁዳዴ ሊገባ ትንሽ ቀርቶት ነበርና የእናቴ የመጀመሪያ ጥያቄ «ስግደቱስ?» ሆነ። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ጎንበስ ማለት የለም፣ እንስራም ማንሳት የለም፣ «ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፣ ይረዱዎታል» አለቻት ሲስተር። አባም ቆመሽ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ አሏት። ጸበልም ይጠጣል እንጂ ዓይን አይታጠብበትም፤ ቁስሉ እስኪድን ምንም ውኃ ዓይን ውስጥ አይግባ። ከምድጃ ጭስም መራቅ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የበለጠ ከበደ። «ጠብታው ጉሮሮዬ ላይ ይመረኛል፤ ጾሜን ፈታሁ ማለት ነው?» ዓይንና አፍንጫ የሚገናኙበት ቀጭን ቱቦ ስላለ ጠብታው እውነትም ይወርዳል። ሲስተር ጠብታው ከገባ በኋላ ዓይን ተጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ ለአንድ ደቂቃ በጣት ጫን ማድረግን አሳየቻት። ምሬቱም ቀነሰ፣ መድኃኒቱም ዓይን ላይ ቆየ። እናቴ ፊደል ስለማትቆጥር ጠርሙሱ ላይ ፕላስተር ለጥፋ አራት ፀሐይ ሳለችላት፣ በቀን አራት ጊዜ ማለት ነው። አንዷን ፀሐይ ተራራ ጫፍ ላይ፣ አንዷን አናት ላይ። እኔ የማተሚያ ማሽን አለኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ግን አስቤ አላውቅም።

እጅ ታጥቦ፣ የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጎ፣ አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ጫፉ ዓይኑን አይንካ። ሁለት ዓይነት ከሆነ መሃላቸው አምስት ደቂቃ። ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ የለም፣ የእናቴ ከወር በላይ ቆይቷል። ማታ መከለያው ይታሰራል፣ በተሠራው ጎን አይተኛም፣ ማሸት በፍጹም። ሕመሙ እየባሰ፣ ቅላቱ እየጨመረ ወይም እይታው ወደ ኋላ እየተመለሰ ከሄደ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ይዛችሁ ሩጡ።

ቤት ስትገባ ሳጥኗን ከፍታ ነጠላዎቿን በሙሉ አልጋ ላይ ዘረጋች። ሁሉም ነጭ ናቸው። ለካ ቢጫው ሞራው ኖሯል! ልጅቱን አስጠርታ ይቅርታ ጠየቀች፣ አንዱን ነጠላም ሰጠቻት። ቀጥላ ሲኒዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች «በዚህ ነው ስታጠጡኝ የከረማችሁት?» ስትል እህቴ ከቤት ወጣች።

አንድ ነገር ግን እወቁ። ሌንሱ ለሩቁ ነው የተለካላት፣ ለቅርብ መነጽር ያስፈልጋል። እናቴ ጥጥ ትፈትላለች፤ ክሩን በጣቷ እንጂ በዓይኗ ካየችው ቆይታለች፣ አሁን በመነጽር ታየዋለች። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ያ ገለፈት ቢደበዝዝ ደግሞ ሞራው ተመልሶ በቀለ ብላችሁ እንዳትደነግጡ፤ በጨረር ይጠራል፣ መርፌም የለውም።

የሁለተኛው ዓይኗ ቀጠሮ ግንቦት ነው። ፈርታ ይሆን ብዬ ስደውልላት ነጭ ክርና መርፌ እንዳዘጋጀች ነገረችኝ፣ ለሲስተር ኪስ። መነጽሯን ረስታ እንዳትመጣ ለእህቴ አደራ ብያለሁ።